ንዑስ አፈር፦ ከላይኛው አፈር ሥር ያለው ንብርብር

ንዑስ አፈር ወይም የታችኛው አፈር የሚባለው ብስባሽና ሥራሥር ከሚበዛበት ላይኛው አፈር በታች፣ በመፍረስ ላይ ካለው ዐለት በላይ የሚገኘው ንብርብር ነው። በአፈር ሳይንስ ላይኛው «ኤ»፣ ንዑሱ «ቢ»፣ ከዐለቱ ጋር የሚዋሰነው ደግሞ «ሲ» ተብሎ ይመደባል። የዝናብ ውኃ ከላይ አጥቦ የሚያወርደው ደቃቅ ሸክላ፣ ብረትና ኖራ የሚጠራቀመው እዚህ በመሆኑ፣ ንዑስ አፈር አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው የጠጠረ፣ ብስባሹ ያነሰና ቀለሙ የጎላ ነው። ከርሰ ምድር ሲባል ግን የጉድጓድ ውኃንና ማዕድንንም ስለሚያካትት ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

በጅማና በከፋ በስፋት በሚታየው ቀይ አፈር ንዑሱ ጥልቅ ነው፤ ውኃ ስለሚያሳልፍ የቡና ሥር ወደ ታች ይዘልቅበታል። ይሁን እንጂ ብዙ ዝናብ ካልሲየምን አጥቦ ሲወስድበት አሲዳማ ይሆናል፤ አሲዳማነቱን ለመቀነስ ማሳ ላይ የሚበተነው ኖራም ማረሻ ከሚደርስበት በታች ቶሎ አይወርድም።

ዋልካ፣ መረሬ ወይም ኮትቻ የሚባለው ጥቁር አፈር ጠባዩ ሌላ ነው። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሸፍን ይገመታል። ሸክላው ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በበጋ የላዩ አፈር በስንጥቁ ውስጥ ወደ ታች ስለሚረግፍ አፈሩ ራሱን በራሱ ያገላብጣል፤ ስለዚህ የላይኛውና የንዑሱ ድንበር በግልጽ አይለይም። በክረምት ውኃ ይተኛበታል። ገበሬው ሽምብራና ጓያን በክረምት ማብቂያ የሚዘራው ንዑሱ አፈር ያቆረውን እርጥበት ተማምኖ ነው። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ቤተሰቡ በእጁ አፈር እየሳበ ከፍ ያለ መደብና የውኃ መውረጃ ቦይ ሲያበጅ የኖረ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ለአፍሪካ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ መሣሪያን በማሻሻል ሥራ ተሳትፏል።

ይኸው ጠባይ ለግንባታም ፈተና ነው። በአዲስ አበባ ቦሌን በመሰሉ ጥቁር አፈር ባለባቸው ቦታዎች ሥራ ተቋራጮች አፈሩን ቆፍረው በማውጣት በሰሌክት ማቴሪያል (ተመርጦ ከሌላ ቦታ በሚመጣ፣ በማያብጥ ሙሌት) ይተኩታል፤ ካልተተካ በይበልጥ የሚሰነጠቀው ቀለል ያለው ቤትና አጥር ነው፣ ክብደቱ እብጠቱን መጫን አይችልምና።

ንዑስ አፈር በጎርፍም በሰው እጅም ሊገለጥ ይችላል። ላዩ በጎርፍ ተጠርጎ ማሳው ጭንጫ ሲሆን የሚታየው አንዱ መንገድ ነው። እርከን ሲሠራ ተቆርጦ የሚገለጠው ንዑስ አፈር ደግሞ ፍግ እስኪጠግብ ድረስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ሊቀንስ ስለሚችል፣ ላይኛውን አፈር ለብቻው አቆይቶ እርከኑ ካለቀ በኋላ መልሶ ማልበስ ይመከራል።