ሁለተኛ ቋንቋና ሰዋስው፦ ባሕር ዳር ላይ የሚደጋገሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ እንግሊዝኛ ምክር የሌለው ሰው አይገኝም፤ ወላጁም፣ መምህሩም፣ የባጃጅ አሽከርካሪውም ይመክራል። አብዛኛው ምክር ግን ስለ አንጎል ከተደረሰበት ዕውቀት ጋር አይስማማም።

«ሕጉን የሸመደደ ሰዋስውን ያውቃል»

ከሁሉም የሚጎዳን ይህ ነው። ፈተና ላይ «ሺ ሊቭስ» የሚለውን ያለ ስህተት የሚመርጥ ተማሪ፣ ከክፍል እንደወጣ «ማይ ሲስተር ሊቭ ኢን ጎንደር» ይላል። ሕጉን ጠይቁት፤ በቃሉ ይወጣዋል። ሕግን ማስታወስ ጊዜ ይፈልጋል፣ ንግግር ደግሞ ያን ጊዜ አይሰጥም።

ጥፋቱን በአማርኛ ላይ የሚጥሉም አሉ። ይህ ፈጽሞ አይዋጥልኝም። ይኖራል፣ ትኖራለች፣ ይኖራሉ እያለ ግሡን በባለቤቱ ልክ የሚቀያይር ሰው፣ ግስ ከባለቤቱ ጋር መስማማት እንዳለበት ሳይገባው አይቀርም። «ሊቭስ» መጨረሻ ላይ ያለችው የእንግሊዝኛዋ «ስ» ግን ድምጿ ትንሽ ነው፤ የምትናገረውንም ባለቤቱ አስቀድሞ ተናግሮታል። በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ሕፃናት እንኳ ዘግይተው ነው የሚይዟት።

ተመራማሪዎች የራስ ቆዳ ላይ ሽቦ ለጥፈው የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ይለካሉ። «የዓሣ ወጡን በጫማ በላ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲገጥመን፣ ትርጉሙን ያፈረሰው ቃል ከመጣ ከ400 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በኋላ አንድ ምልክት ይታያል። «እህቴ ጎንደር ይኖራል» ሲባል ግን የተለመደው ምልክት ሌላ ነው፤ የሚመጣውም ወደ 600 ሚሊ ሰከንድ ግድም ነው። ፈረንሳይኛ የጀመሩ አሜሪካውያን ተማሪዎችን የተከታተለ ጥናት ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሰዋስው ስህተት የመጀመሪያውን ዓይነት ምልክት እንዳሳዩ አገኘ። ሁለተኛው ከወራት ትምህርት በኋላ መጣ። ይህም ማለት መጀመሪያ የሚያዘው ቃሉ እንዳለ ነው፤ ሕጉ ከዚያ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ስፓኒሽ የጀመሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ትክክሉን ከስህተቱ ለይታችሁ ንገሩን ሲባሉ በግምት ከመመለስ ብዙም ያልተሻሉ መሆናቸውን አሳየ። አንጎላቸው ግን ለአንዳንዶቹ ስህተቶች ምላሽ ይሰጥ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ የተሰጠው ተማሪ ምንም አልያዘም ማለት አይደለም።

«እያንዳንዱ ቋንቋ አንጎል ውስጥ የየራሱ ጓዳ አለው»

ይህ መሠረት የለውም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ አንድ ጥናት ሁለተኛውን ቋንቋ አድገው በተማሩ ሰዎች፣ የብሮካ አካባቢ በሚባለው፣ ለንግግር በሚያገለግለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ለየት ያሉ ነጥቦችን ሲጠቀሙ አይቷል። ከሕፃንነታቸው ሁለቱንም በለመዱት ግን ነጥቦቹ ተደራረቡ። በኋላ የመጡ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሰዋስው በአብዛኛው በአንድ መረብ ላይ ይሠራል፤ ቋንቋውን ገና ያልለመደ ሰው አንጎል ይበልጥ ይደክማል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ በስፓኒሽ ተደራጊ ዓረፍተ ነገር («ልጁ በውሻ ተነከሰ» ዓይነቱን) የሰሙ ሰዎች፣ ቀጥለው ሥዕል በእንግሊዝኛ ሲገልጹ ተደራጊውን አዘውትረው እንደተጠቀሙ ታየ። የአንዱ ቋንቋ አወቃቀር ሌላውን ይገፋል ማለት ነው።

ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ቅጥር ውስጥ አስጎብኚው የቄሱን ንግግር ለእንግዶች ሲተረጉም ተመልከቱ። ቄሱ ሥዕሉን ማን እንዳሣለው፣ መቼ፣ በማን ዘመን፣ ሁሉንም ከደረደሩ በኋላ ነው ግሡን የሚያመጡት። እንግሊዝኛው ግን ግሡን ቀድሞ ይፈልጋል። አስጎብኚው የተሰማውን በሙሉ ይዞ ይጠብቃል፤ ሁለቱም ሰዋስው በዚያች ቅጽበት በሥራ ላይ ናቸው።

«ከልጅነት ያለፈ ሰው ሰዋስው አይገባውም»

እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 670,000 ሰዎች የመለሱትን የኢንተርኔት ፈተና የመረመረ ጥናት፣ ሰዋስው የመልመድ ችሎታ እስከ 17 ዓመት ገደማ ብዙም ሳይቀንስ እንደሚቆይ ደምድሟል። ቁጥሩ አሁንም ያከራክራል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ በሩ አይዘጋም፤ እንደ ተወላጅ ለመናገር ግን ቀድሞ መጀመር ይረዳል።

«ቤት ውስጥ አገውኛ ከተነገረ የልጁ አማርኛ ይበላሻል»

ከአዊ መጥተው ባሕር ዳር የሰፈሩ ወላጆች ይህን ፈርተው ልጆቻቸውን በራሳቸው ቋንቋ ማናገር ሲተዉ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። በሁለት ቋንቋ የሚያድጉ ሕፃናት የሁለቱን ሰዋስው ገና በጠዋቱ ይለያሉ። መቀላቀላቸውም ቢሆን ሥርዓት አለው፦ «ስልኬን ቻርጅ አደረግኩት» የሚል ሰው ቃሉን ከእንግሊዝኛ ይዋስ እንጂ ተሳቢውም፣ ባለቤቱም፣ የግሡ ቦታም አማርኛ ናቸው።