ቬርኖኒያ፦ ኢፖክሳይድን በተፈጥሮው የያዘ ዘር

ቬርኖኒያ ጋላመንሲስ በምሥራቅ ኢትዮጵያ በዱር የሚበቅል፣ ሐምራዊ አበባ ያለው የአንድ ዓመት ተክል ነው። አሜሪካዊው የእጽዋት ተመራማሪ ሮበርት ፐርዱ በ1964 እ.ኤ.አ. ሐረር አካባቢ ዘሩን ከሰበሰበ ወዲህ በኬሚስቶች ዘንድ ታወቀ። ከጥሩ ዘር ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ዘይት ነው፤ በዘይቱ ውስጥ ካሉት የሰባ አሲዶች ደግሞ ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት ቬርኖሊክ አሲድ ናቸው። ይህ አሲድ በ12ኛውና በ13ኛው ካርቦን መካከል የኢፖክሳይድ ቀለበት አለው።

ኢፖክሳይድ ሁለት ካርቦንና አንድ ኦክስጅን በሦስት ማዕዘን የተያያዙበት ቀለበት ነው። የካርቦን ትስስሮች በተፈጥሮ 109 ዲግሪ ገደማ ማዕዘን ይሠራሉ፤ እዚህ ግን ማዕዘኑ ወደ 60 ስለታጠፈ ቀለበቱ ውጥረት አለበት፣ አሚን (ናይትሮጅን ያለበት ውህድ) ወይም አሲድ ሲያገኝም በቀላሉ ይከፈታል። በቤዝ ሲሠራ ቀለበቱን የሚከፍተው አጥቂ ሞለኪውል ቅርንጫፍ ወዳነሰበት ካርቦን ይሄዳል፤ በአሲድ ሲሆን ቅርንጫፍ ወደበዛበት ያዘነብላል።

ፋብሪካዎች ይህን ቀለበት በአኩሪ አተርና በተልባ ዘይት ላይ የሚሠሩት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ከፎርሚክ ወይም ከአሴቲክ አሲድ ጋር በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በማዋሐድ ነው። ፐርኦክሳይዱ ጠብ ጠብ እያለ ካልገባ ሙቀቱ ከቁጥጥር ይወጣል፤ አሲዱ ከበዛ ወይም ሥራው ከረዘመ ደግሞ የተሠራው ቀለበት ተመልሶ ይከፈታል። ቀለበቱ የሚሠራበት ድርብ ትስስር ባለው በሊኖሌይክ አሲድ የበለጸገው የኑግ ዘይትም ለዚህ ሥራ ይመቻል። የቬርኖኒያ ትልቁ ጸጋ ይህን ሁሉ ጣጣ ማስቀረቱ ነው።

የራሱ ጣጣ የሚጀምረው ወፍጮው ላይ ነው። ዘሩ ውስጥ ላይፔዝ የተባለ ኢንዛይም አለ፤ ጥሬ ዘር ሲደቀቅ ከዘይቱ ጋር ይገናኝና ዘይቱን ወደ ነጻ የሰባ አሲድ ይበትነዋል። ስለዚህ ዘሩ ሳይሰበር በእንፋሎት ወይም በደረቅ ሙቀት ኢንዛይሙ እንዲሞት ይደረጋል፣ ከዚያ ይጨመቃል። የቀረውን ዘይት ሄክሴን የተባለ አሟሚ ፈሳሽ ያወጣዋል። የአሲድ መጠኑ ከፍ ብሎ ከተገኘ ጥፋቱን መፈለግ የሚገባው ማሞቂያው ላይ ነው።

ዘይቱን ከማጠንከሪያ ጋር በመቀመም ጊዜ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እንደ ተራው የቢስፌኖል ኢፖክሲ (ማጠንከሪያ ሲገባበት የሚጠነክር የፋብሪካ ፈሳሽ፣ ማለትም ሬዚን) በመቁጠሩ ነው። የቢስፌኖሉ ቀለበቶች ጫፍ ላይ ስለሆኑ አሚን በክፍል ሙቀት ያገኛቸዋል፤ ለ100 ግራም ሬዚን 13 ግራም ያህል ትራይኤቲሊንቴትራሚን የተባለ አሚን ይበቃል። የቬርኖኒያው ቀለበት ግን ሰንሰለቱ መሐል ተደብቋል። ከዚያው አሚን ጋር በክፍል ሙቀት ቢቀላቀል ለቀናት እንደተጣበቀ ይቆያል፤ ሙቀት ሲጨመር ደግሞ አሚኑ ከቀለበቱ ይልቅ የዘይቱን ኤስተር (የሰባ አሲዶቹ የተያያዙበትን ትስስር) ሊቆርጥ ይችላል። የተሻለው ማጠንከሪያ አንሃይድራይድ (ውሃ የወጣለት አሲድ) ነው። የኦክሲሬን ኦክስጅኑ (በኢፖክሳይድ ቀለበቶቹ ውስጥ ያለው ኦክስጅን) 4 በመቶ የሆነ ዘይት በ400 ግራም አንድ የኢፖክሳይድ አቻ (አንድ ሞል ቀለበት) አለው ማለት ነው፤ ስለዚህ ለ100 ግራም ዘይት ከ34 እስከ 42 ግራም ሜቲልሄክሳሃይድሮፍታሊክ አንሃይድራይድና 1 ግራም ያህል ኢሚዳዞል የተባለ አፋጣኝ ገብቶ በ120–150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሰዓታት ይጋገራል። መጠኑ ከመመዘኑ በፊት የእያንዳንዱ በርሜል ኦክሲሬን በሃይድሮጅን ብሮማይድ ቲትሬሽን (ጠብ እያደረጉ በመጨመር) መለካት አለበት። እርጥበት የገባበት አንሃይድራይድ ወደ አሲድ ስለሚለወጥ ስሌቱን ያዛባል።

ብቻውን የደረቀው ሬዚን እንደ ጎማ ይለጠጣል፤ ለመዋቅር ሥራ አይሆንም። እውነተኛ ቦታው ቀለምና ቅብ ነው። ዘይቱ ቀጭን ስለሆነ እንደ ማር የወፈረውን ሬዚን ያቀጥነዋል፣ በምድጃ በሚደርቅ ቅብ ውስጥም ከፊልሙ ጋር ይተሳሰራል። ለማቅጠን የሚጨመረው ቲነር ግን ተንኖ ሠራተኛው ሳንባ ውስጥ ይገባል።

ቬርኖኒያን እስካሁን ወደ ኋላ የያዘው እርሻው ነው። ተክሉ በአጭር ቀን የሚያብብ በመሆኑ ረጅም በጋ ባለባቸው አገሮች አበባው ዘግይቶ ውርጭ ይቀድመዋል። አበባዎቹ በአንድ ጊዜ ስለማይበስሉም የመጀመሪያዎቹ ሲደርሱ ዘራቸው ይረግፋል፣ የኋለኞቹ ገና እሸት ናቸው።