ፕሪሚየር ሊጉ ከከተማው ዳር ሲታይ

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የሀገሪቱ የወንዶች እግር ኳስ ከፍተኛ እርከን ነው። አሁን በያዘው ስምና ቅርጽ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም ነው። ከሥሩ ከፍተኛ ሊግ አለ፤ ከዚያ ደግሞ አንደኛ ሊግ። ዋንጫ ያነሳው ቡድን በአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ኢትዮጵያን ይወክላል። የክለቦቹ ቁጥር ይለዋወጣል፤ በቅርብ ዓመታት ብዙ ጊዜ 16 ነበሩ። እርስ በርስ ደርሶ መልስ ስለሚገናኙ፣ 16 ሲሆኑ አንድ ቡድን በዓመት 30 ጨዋታ ያደርጋል። መጨረሻ ላይ የቀሩት ይወርዳሉ።

እኔ ሊጉን የማየው ከአዲስ አበባ ዳር ሆኜ ነው። ከለገጣፎ፣ ከሰበታ፣ ከአያት፣ ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ ሆኖ ሲታይ የሊጉ ታሪክ ትንሽ ለየት ይላል። ኳሱ በመሀል ከተማ ተወለደ። አድጎ ወደ ክልል ወጣ። የሄደበት መንገድ በእኛ ደጅ ነው ያለፈው። እኛ ጋ ያደረው ግን ጥቂት ጊዜ ነው።

ሥሩን እንይ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም ነው። ጣሊያን ሀገር የወረረበት ዓመት ነው። በ1936 ዓ.ም በተደረገው የመጀመሪያ ሻምፒዮና አምስት ቡድኖች ተሳተፉ፤ አምስቱም የአዲስ አበባ ነበሩ። ከጊዮርጊስ ሌላ ያሉት አራቱ በከተማዋ የሚኖሩ የውጭ ሰዎች ቡድኖች ናቸው። የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ነበሩ። ሀገር አቀፍ ውድድር የመጣው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው።

ከዚያ ዘመን አንድ ስም መዝለል አይቻልም። ይድነቃቸው ተሰማ ለጊዮርጊስ ተጫውተዋል፤ አሠልጥነዋል። ጥር 1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳም የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ እሳቸው ነበሩ። የፍጻሜው ጨዋታ ጭማሪ ሰዓት ድረስ ሄዶ ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፍን። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም ጀምሮ በ1979 ዓ.ም እስካረፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። ዛሬ ስለ ሊጋችን ስናወራ ከዚህ ዓይነት ቤት እንደመጣን ባንረሳ ደስ ይለኛል።

ያ ዋንጫ የተነሳው አዲስ አበባ ስታዲየም ነው። የሊጉ ልብ ለብዙ ዘመን እዚያ ነበር። ስታዲየሙን የሚያውቅ ሰው መቀመጫዎቹን በስማቸው ነው የሚጠራቸው፦ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ። አንድን ሰው «የት ነው የምትገባው?» ብለህ ብትጠይቀው መልሱ ብዙ ነገር ይነግርሃል። ኪሱን፣ ዕድሜውን፣ አንዳንዴም የሚደግፈውን ቡድን። የጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ጨዋታ፣ ሸገር ደርቢ የምንለው፣ ሲኖር ከተማው ከጠዋት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ቡናማና ብርቱካናማ ማሊያ የለበሰ ሰው በየታክሲው ይጫናል። ጩኸቱ የሚጀመረው ከሰፈር ነው።

ከዳር ለሚመጣ ሰው መንገዱ ቀላል አልነበረም። በታክሲ ሁለት ሦስት ቦታ ወርዶ መሳፈር ነበረበት። በ2008 ዓ.ም የከተማው ባቡር ሥራ ሲጀምር ይህ ተቀየረ። አንዱ መስመር ከአያት ይነሳል፤ ሌላው ከቃሊቲ። ሁለቱም በስታዲየም በኩል ያልፋሉ። ለኳስ ሰው ከዚህ የተሻለ መስመር ማን ይሠራለታል? ባቡሩ መጥቶ ብዙ ዓመት ሳይቆይ ግን ስታዲየሙ ለእድሳት ተዘጋ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወደ ሊጉ እንመለስ። በ1990 ዓ.ም የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው መብራት ኃይል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የፈረሰኞቹ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ነው። ጊዮርጊስ ከድሮው ሻምፒዮና ጋር ሲደመር 30 ገደማ ዋንጫ አለው፤ የሚጠጋው የለም። በፕሪሚየር ሊግ ዘመን ዋንጫውን መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ያወጣው ሐዋሳ ከተማ ነው፤ በ1996 ዓ.ም። ሐይቆቹ በ1999 ዓ.ም ደገሙት። ኢትዮጵያ ቡና በ2003፣ ደደቢት ደግሞ በ2005 ዓ.ም አነሱ። ያ 2005 ዓ.ም የማይረሳ ዓመት ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አልፎ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። አሠልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበሩ። አብዛኞቹ ተጫዋቾች እዚሁ ሊጋችን ላይ የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። በዚያ ሰሞን ጎዳናው ላይ ያደረ ሰው ስንት ነበር!

ጊዮርጊስ ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም አራት ተከታታይ ዋንጫ ወሰደ። በ2009 ዓ.ም በአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ የምድብ ድልድል የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብም ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚገርመው። በ2010 ዓ.ም ጅማ አባ ጅፋር ከታች ባደገበት ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። በ2011 መቐለ 70 እንደርታ ወሰደው። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ተራ ደረሰ። ጊዮርጊስ በ2014 እና በ2015 መልሶ ወሰደ። በ2016 ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ እንደ ጅማ ባደገበት ዓመት ዋንጫ አነሳ። በ2017 ደግሞ ኢትዮጵያ መድን።

ከነዚህ ዋንጫዎች ሦስቱ የአንድ ሰው ናቸው። ጅማን በ2010፣ መቐለን በ2011፣ መድንን በ2017 ለዋንጫ ያበቁት አሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ ናቸው። ሦስት ክለብ፣ ሦስት ዋንጫ። ስለ ሀገር ውስጥ አሠልጣኝ አቅም ለሚከራከር ሰው ይህን ብቻ ብነግረው ይበቃኛል። ከተጫዋች ደግሞ የቡናው አቡበከር ናስር አለ። በ2013 ዓ.ም በአንድ የውድድር ዓመት 29 ጎል አገባ። ቀድሞ በጌታነህ ከበደ የተያዘው ክብረ ወሰን 25 ነበር። ከዚያ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ።

ያ 2013 ዓ.ም ለሊጉ የመዞሪያ ዓመት ነው። ውድድሩን የመራው ከፌዴሬሽኑ የተረከበው፣ ክለቦቹ ባለድርሻ የሆኑበት አክሲዮን ማኅበር ነው። ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ በቀጥታ መታየት ጀመሩ። ካሜራ ሁሉም ሜዳ ስለማይደርስ፣ ኮሮናም ስለነበር፣ ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች ተሰበሰበ። ሁሉም ክለብ አንድ ከተማ ይገባል፤ እዚያ የተወሰኑ ሳምንታት ይጫወታል፤ ከዚያ ጓዙን ጠቅልሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ያን ዓመት ከአዲስ አበባ ስታዲየም ተነስቶ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ እያለ ሐዋሳ ደረሰ። በኋላ አዳማም ገባበት።

ጥቅም የለውም አልልም። ልጆቻችንን በስክሪን አየናቸው። ሜዳ ላይ የሚነሳው ረብሻም ቀነሰ። ነገር ግን ክለብ ከሰፈሩ ተነጠለ። የሜዳው ባለቤት የሚባለው ቡድን ባለቤትነቱ ወረቀት ላይ ብቻ ሆነ።

ይህን ነገር ከከተማው ዳር በላይ የቀመሰው የለም። ከዙሪያችን ካሉ ከተሞች ሊጉ ድረስ የወጡ አሉ። አንዱ ሰበታ ከተማ ነው። ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ ያለች የፋብሪካ ከተማ ናት። ክለቡ በ2012 ሊጉ ውስጥ ገባ፤ ውድድሩ ግን መሀል ላይ ተሰረዘ። በ2013 የቀድሞው የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ አብርሃም መብራቱ ያዙት፤ ጥሩ ኳስ ይጫወት ነበር። በ2014 መጨረሻ ወረደ።

ሌላው ለገጣፎ ለገዳዲ ነው። ስሙ የሁለት ጎረቤት ቦታዎች ነው፤ ለገዳዲ አዲስ አበባ ውኃ የምትጠጣበት ግድብ ያለበት ነው። በ2014 ዓ.ም ከከፍተኛ ሊጉ አደገ። አብረውት ያደጉት ሁለቱ ኢትዮ ኤሌክትሪክና ኢትዮጵያ መድን ነበሩ። ያን ሰሞን ለገጣፎ ላይ የነበረው ደስታ ዛሬም ፊቴ ላይ አለ። ባጃጁ ሁሉ ጥሩምባ ነበር።

ግን አንድም የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ለገጣፎ ላይ አልተደረገም። ቡድኑ 2015ን ሙሉ ሲዞር ከርሞ በዚያው ዓመት ወረደ። ባሕር ዳር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ድሬዳዋም ቅርብ አይደለም። የዕለት ሥራ የሚሠራ ደጋፊ እንዴት ብሎ ይሄዳል? አብሮት ያደገው መድን ግን ቆየ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሻምፒዮን ሆነ። ልዩነቱ ሜዳ ላይ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። መድን ከኋላው ትልቅ ድርጅት አለው። የለገጣፎ ዓይነት ክለብ ያለው የከተማ አስተዳደር በጀት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ገንዘቡ ላንሳ። አብዛኞቹ የሊጉ ክለቦች የሚኖሩት በመንግሥት ብር ነው፤ ወይ የከተማ አስተዳደር ነው፣ ወይ እንደ ንግድ ባንክና እንደ ኤሌክትሪክ ያለ የመንግሥት ድርጅት ነው፣ ወይ እንደ መቻል ክለብ የመከላከያ ነው። ከበጀቱ አብዛኛው ለተጫዋች ደመወዝ ይወጣል። በ2011 ዓ.ም መጨረሻ የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ከጠረጴዛ ሥር የሚከፈለውን ግን ደንብ አላስቆመውም። በጀቱ ሲያልቅ ደመወዝ ይቆማል፤ ልጆቹ ልምምድ አንሠራም ይላሉ። በየዓመቱ የምንሰማው ነው። ታዳጊ ላይ የሚወጣው ብር ደግሞ የተረፈው ነው፤ የሚተርፍ ካለ።

የሰሜኑ ጦርነትም ሊጉን ጎድቷል። መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ ለዓመታት ከውድድር ውጭ ሆኑ። በ2017 የውድድር ዓመት ተመለሱ። መመለሳቸው ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ሊጉ ዳር ላይ የሚኖርበትን ቦታ ላሳያችሁ። ቱሉ ዲምቱ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት አለ፤ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ በፊት ሱቅ የነበረ። የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሁለት ቴሌቪዥን አለ። ትልቁ ፊት ለፊት ነው፤ ትንሹ በጎን፣ ከማቀዝቀዣው በላይ። ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ ቡና ሲጫወት ትልቁ ላይ ይከፈታል። ቡናማ ማሊያ የለበሱ አምስት ስድስት ሰዎች ፊት ይቀመጣሉ፤ አብዛኞቹ ድሮ የመሀል ከተማ ልጆች ናቸው፣ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ወይም ሰፈራቸው ፈርሶ የመጡ። ስታዲየም ላይ የሚዘፍኑትን እዚህ በለሆሳስ ይዘፍናሉ። 11 ሰዓት ሊሆን ሲል ወጣቶቹ መግባት ይጀምራሉ፤ የአርሰናልና የማንቸስተር ማሊያ። ባለቤቱ ሪሞቱን ያነሳል። የእኛ ጨዋታ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ወደ ትንሹ ቴሌቪዥን ይዛወራል፤ ድምፅ የለውም። ሰዎቹ ወንበራቸውን ያዞራሉ። አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው ያችን አምስት ደቂቃ ይጨርሳሉ።

በባለቤቱ አልፈርድም፤ ኪራይ አለበት። ግን ያ የወንበር መዞር ልቤን ይነካዋል። እነዚህ ሰዎች ሊጉ ርቆባቸውም አልተዉትም።

የልጆቹ ነገር ሌላ ነው። ልጅ ያለው ዳር ላይ ነው። መሀል ከተማው ሜዳውን ሕንፃ ሠርቶበታል። እኛ ጋ ገና ክፍት ቦታ አለ፤ እሱም በየዓመቱ ይጠባል። ቅዳሜ ጠዋት ለገጣፎ ብትወጡ ጤዛው ሳይደርቅ ኳስ ተጀምሯል። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። ከላይ ካለፈ «ወጥቷል፣ አልወጣም» ክርክሩ ከጨዋታው ይረዝማል። ክረምት ላይ ሰፈር ለሰፈር ውድድር አለ፤ ዳኛው የሰፈር ሰው ነው፣ ሽልማቱ ማሊያና ኳስ።

ባለፈው እዚያ ቆሜ ስመለከት አንድ በረኛ ልጅ አየሁ፤ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። የለበሰው የክለቡ ማሊያ ጉልበቱ ድረስ ይወርዳል፤ ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር ለቋል። ጠጋ ብዬ፣

«ማሊያው የማን ነው?» አልኩት።

«የወንድሜ።»

«ለለገጣፎ ተጫውቷል እንዴ?»

«ኧረ ደጋፊ ነው» አለኝ ዓይኑን ከኳሷ ላይ ሳያነሳ። «ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ አይቷቸዋል።»