ተምሳሌታዊ ፎቶግራፍ ምንድን ነው?

ተምሳሌታዊ ፎቶግራፍ የሚባለው ዕለት ዕለት ከማየታችን የተነሣ ልብ የማንለውን ዕቃ ወይም ሰው ነጥሎ፣ የአንድ ማኅበረሰብ መታወቂያ ሆኖ እንዲታይ አድርጎ ማንሣት ነው። የጅማን በርጩማ እንውሰድ። ከአንድ ግንድ ያለ ምስማር ተጠርቦ የሚወጣው ይህ መቀመጫ፣ እግሩ ሦስት በመሆኑ ወለሉ ቢጎረብጥ እንኳ አይንገዳገድም። ገበያ ላይ ከነክምሩ ያነሣው ሰው የገበያ ፎቶ ይዞ ይመለሳል። ተምሳሌት ሊያደርገው የፈለገ ግን አንዱን መርጦ ባዶ ግድግዳ ፊት ያስቀምጠዋል፤ ካሜራውን እስከ መቀመጫው ከፍታ ዝቅ አድርጎም የጠዋት ወይም የአመሻሽ ብርሃን ከጎን እስኪመጣ ይጠብቃል፤ የጠራቢው መሣሪያ የተወውን ዱካና በመቀመጥ ብዛት የለሰለሰውን ጎድጓዳ መሐል አጉልቶ የሚያወጣው የጎን ብርሃን ነውና። ትናንት ቫርኒሽ የተቀባ በርጩማ፣ በእኔ ግምት፣ ከማስታወቂያ ሥዕል አያልፍም።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ዎከር ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ1955 ለፎርቹን መጽሔት መፍቻንና መሰል ተራ የእጅ መሣሪያዎችን በባዶ መደብ ላይ፣ እንደ ሐውልት አግዝፎ አንሥቷል፤ ከሥራቸው የሳንቲም ዋጋቸው ሳይቀር ተጽፎ ነበር። ከእርሱ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 እና በ1951፣ ሌላው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ኢርቪንግ ፔን የፓሪስን፣ የለንደንንና የኒው ዮርክን ሠራተኞች የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ መሣሪያቸውን እንደያዙ ስቱዲዮ አስገብቶ ባዶ መጋረጃ ፊት አቁሟቸዋል።

ሰው ግን በርጩማ አይደለም፤ መልሶ ያያል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቅዱሳን በሙሉ ፊት በሁለት ዓይን፣ እኩያን ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን የሚሣሉበት ልማድ አለ፤ ፊት ለፊት የሚያይ ሰው ክብር ያለው መስሎ የሚታየን ከዚህም ሳይሆን አይቀርም። አስቸጋሪው ነገር፣ ሰውዬው «ቡና ለቃሚ» ወይም «ጠራቢ» የሚል ተምሳሌት ሲሆን የራሱን መልክ ሊያጣ መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በማሊ ዋና ከተማ ባማኮ ስቱዲዮ የከፈተው ፎቶ አንሺ ሴይዱ ኬይታ ደንበኞቹ ሬዲዮ፣ ሰዓትና ሱፍ ልብስ ተውሰው ራሳቸውን እንደወደዱት እንዲቀርቡ ይፈቅድላቸው ነበር። ጅማም ውስጥ በርጩማ ጠራቢውን ማንሣት የፈለገ ሰው «እንዴት ሆነው ይነሡ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ጠራቢው ቤት ገብቼ ኮቴን ልልበስ ካለ፣ ኮቱም የምስሉ አካል ነው፤ ኮቱን አስወልቆ መጥረቢያ ማስያዝ ግን ፎቶ አንሺው አስቀድሞ በሐሳቡ የሣለውን ሌላ ጠራቢ ማንሣት ይሆናል።