ሰሞሊና ምንድን ነው?

አንዳንዱ ማካሮኒ እሳት ላይ ትንሽ ከቆየ ይፈርስና ድስቱ ውስጥ ገንፎ ሆኖ ይቀራል። ሌላው ብትዘነጉትም ቅርፁን ይዞ ይወጣል። ልዩነቱ በአብዛኛው የተሠራበት ስንዴ ነው። ስትገዙ ፓኬቱ ላይ «ሰሞሊና» የሚል ፈልጉ።

ሰሞሊና ዱረም ከሚባለው ስንዴ ይወጣል። ከፉርኖ ዱቄት ሸከር ያለ፣ ከቅንጬ ደግሞ ደቀቅ ያለ ነው፤ በጣት ሲያሹት አሸዋ አሸዋ ይላል። የዳቦ ስንዴ ወፍጮ ሲገባ ቶሎ ይልማል። የዱረም ፍሬ ግን ድርቅ ያለ ስለሆነ ይሰባበራል እንጂ በቀላሉ ዱቄት አይሆንም። ፉርሽካው በወንፊትና በአየር ተለይቶ ሲወጣ ቢጫማው ሰሞሊና ይቀራል። ቢጫነቱ የራሱ የስንዴው ነው፤ ከበቆሎ ዱቄት ጋር እንዳታምታቱት። ፓስታው የማይፈርሰው ደግሞ የዱረም ፕሮቲን ስታርቹን አጥብቆ ስለሚይዘው ነው። ጣሊያኖች ይህን ስለሚያውቁ ደረቅ ፓስታ ከዱረም እንዲሠራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 በሕግ ደንግገዋል።

ዱረም ለእኛ እንግዳ እህል አይደለም። የኢትዮጵያ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ብዙ ዓይነት አገር በቀል ዱረም ሲዘራ ኖሯል፤ ለዳቦም ለቅንጬም ለቆሎም ያውለዋል። ዛሬ ባሌና አርሲ ለፓስታ ፋብሪካዎችም ያመርታሉ።

ከፓስታ ውጭስ? ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ውሃ እያርከፈከፉ በእጅ ያሹትና ኩስኩስ ያደርጉታል። ሕንዶች በሽንኩርትና በቅመም ኡፕማ ይሠሩበታል። ዓረብ አገር የሠራች ሰው ደግሞ ባስቡሳን አትረሳውም፦ ሰሞሊና በስኳር፣ በእርጎና በቅቤ ተለውሶ ይጋገራል፤ ትኩሱ ላይ የስኳር ሽሮፕ ይፈስበታል። ጣፋጭነቱ ለእኔ ይበዛብኛል።

ቤት ውስጥ ቀላሉ የወተት ገንፎ ነው። ለአንድ ስኒ ሰሞሊና አራት ወይም አምስት ስኒ ወተት ይበቃል። ወተቱ ሲፈላ እሳቱን ቀንሳችሁ በትንሽ በትንሹ እየበተናችሁ አማስሉ። አንዴ ከገለበጣችሁት ይጓጉላል፤ ከዚያ ማማሰያም አያድነው።

100 ግራም ጥሬ ሰሞሊና 360 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፣ ወደ 13 ግራም ፕሮቲንና ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት አለው። ያጠግባል። ግን «ለጤና» እያሉ ቅንጬን በሰሞሊና የሚተኩ ሰዎች አይገቡኝም። ፉርሽካው ስለተነሳ ፋይበሩ ካልተፈተገ ስንዴ ቅንጬ ያንሳል። ስኳር ያለበት ሰው መጠኑን ይቆጣጠር። ስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ ግሉተን፣ የማይስማማው ግን ጭራሽ አይንካው፤ ዱረምም ስንዴ ነው።