የፕሮጀክተር የጥቁርና የነጭ ደረጃ ምንድን ነው?

ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም መርጨት አይችልም። ሸራው ላይ ጥቁር መስሎ የሚታየን ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ ነው። እሱም ቢሆን ፍጹም ጨለማ አይደለም፤ መሣሪያው ጥቁር ምስል በሚያሳይበት ጊዜም ጥቂት ብርሃን በሌንሱ ያመልጣል፣ በመስኮት የሚገባውና ከግድግዳ የሚንጸባረቀው ብርሃንም ይደመርበታል። ዓይናችን ይህን ግራጫ ጥቁር ነው ብሎ የሚቀበለው አጠገቡ ያለው ምስል እጅግ ስለሚደምቅ ነው።

የጥቁር ደረጃ ማለት ምስሉ ጨለማው እዚህ ያበቃል የሚልበት የታችኛው ወሰን ነው። የነጭ ደረጃ ደግሞ ድምቀቱ የሚያበቃበት የላይኛው ወሰን ነው። ቀለማት ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስለሚደለደሉ፣ ወሰኖቹ ከተዛቡ ቀለም ለማስተካከል መድከም ከንቱ ነው።

በአብዛኞቹ ፕሮጀክተሮች የጥቁሩን ወሰን የሚያንቀሳቅሰው ብራይትነስ (Brightness) የሚባለው መቆጣጠሪያ፣ የነጩን ደግሞ ኮንትራስት (Contrast) የሚባለው ነው። ብዙ ሰው ምስሉ ሲጨልምበት ብራይትነሱን ከፍ ያደርጋል። የአምፖሉ ኃይል ግን በዚህ አይጨምርም። ከፍ የሚለው የጥቁሩ ወለል ስለሆነ ሌሊቱ ጭጋግ ይለብሳል፣ ቀለሙም ይፈዛል። ከልክ በላይ ዝቅ ሲደረግ ደግሞ ጥላ ውስጥ ያለው ዝርዝር ይዋጣል፦ የሹሩባው መስመር ይጠፋል፣ የጥቁር ኮት እጥፋት አይለይም፣ በደብዛዛ ብርሃን የተቀረጸ ጠይም ፊት ከኋላው ካለው ጨለማ ጋር ይቀላቀላል። ለእኔ ከሁለቱ ስሕተቶች የሚብሰው ይህ ነው። በጭጋጉ ውስጥ ፊቱ ቢያንስ ይታያል፤ በተዋጠው ጥቁር ውስጥ ግን ተዋናዩ ምን እንደተሰማው ተመልካቹ ሳያይ ያልፋል። የእኛን ሰዎች ፊት የሚያሳይ አዳራሽ ይህን ቸል ሊል አይገባም።

ኮንትራስቱ ሲበዛ ጉዳቱ በነጩ በኩል ይመጣል። የነጠላው ሽመና ጠፍቶ አንድ ወጥ ነጭ ይሆናል፣ የደመናውም ቅርጽ ይሟሟል። ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ አንዱ ቀድሞ ጣሪያው ላይ ከደረሰ ደግሞ ነጩ ራሱ ወደ ሌላ ቀለም ያዘነብላል።

አንዳንዴ ጥፋቱ ከሁለቱም አይደለም። በተለመደው ባለ 8 ቢት ቪዲዮ (ድምቀት ከ0 እስከ 255 ባሉ ቁጥሮች በሚጻፍበት) ጥቁር በ16፣ ነጭ በ235 ቁጥር ይወከላል፤ ኮምፒውተር ግን ብዙውን ጊዜ ከ0 እስከ 255 ያለውን ሁሉ ይጠቀማል። ኮምፒውተሩ ሙሉውን ልኮ ፕሮጀክተሩ ጠባቡን፣ ማለትም ከ16 እስከ 235 ያለውን፣ ከጠበቀ ጥላውና ድምቀቱ ጫፍ ጫፋቸው ይቆረጣል። በተገላቢጦሽ ከሆነ ደግሞ ጥቁሩ ግራጫ፣ ነጩ ደብዛዛ ይሆናል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት በሁለቱም መሣሪያዎች ላይ ያለው የኤችዲኤምአይ (ሁለቱን የሚያገናኘው የምስል መስመር) የስፋት ምርጫ፣ ሙሉ ወይም ጠባብ፣ መመሳሰሉን ማየት ያስፈልጋል።

ከዚያ ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በርቶ ይሙቅ። ክፍሉ ፊልሙ በሚታይበት ጊዜ የሚኖረውን ያህል ይጨልም። እንደ ምስሉ ሁኔታ ብርሃኑን በራሳቸው የሚቀያይሩ አማራጮችም ይጥፉ፤ እነሱ እየሠሩ የሚደረግ ልኬት አይጸናም።

ለጥቁር የሚያገለግለው የታወቀ የመፈተሻ ምስል ፕሉጅ ይባላል፤ መነሻው የብሪታንያው ቢቢሲ ነው። በጥቁር መደብ ላይ አንዱ ከጥቁር በጥቂቱ የጠቆረ፣ ሌላው በጥቂቱ የነጣ መስመሮች አሉት። ሁለቱም እስኪታዩ ብራይትነሱን ከፍ አድርጉ፤ ከዚያ የጠቆረው ከመደቡ ጋር ተዋህዶ የነጣው በጭንቅ የሚለይበት ቦታ ድረስ ቀስ እያላችሁ ዝቅ አድርጉ። ከኮምፒውተር በሙሉው ስፋት ሲላክ ከ0 በታች የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ከ0 ትንሽ ከፍ ያሉት መስመሮች በጭንቅ ሲታዩ በቂ ነው። ለነጭ በነጭ መደብ ላይ ያሉ ቀላል ግራጫ መስመሮችን እያያችሁ፣ መለየታቸው ሳይጠፋና ነጩ ቀለም ሳይዝ የሚቻለውን ያህል ኮንትራስቱን ጨምሩ። አንዱ መቆጣጠሪያ ሌላውን ስለሚነካ እንደገና ወደ ጥቁሩ ተመለሱ።

ቀን ላይ፣ መጋረጃ በሌለው ክፍል ውስጥ፣ የጨለማዎቹ መስመሮች ጭራሽ ላይታዩ ይችላሉ። ያን ጊዜ ሪሞቱን ትቶ መስኮቱን መሸፈን ይሻላል። አምፖሉ ሲያረጅ ብርሃኑ ስለሚቀንስ፣ አዲስ ሲተካም ስለሚለወጥ፣ ልኬቱ በየጊዜው መደገም አለበት።