ስሎፕ ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ ግቢ ያለው ሰው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲገዛ ቶሎ የሚታየው ቦታ ሰርቪስ ቤቱ ነው። ዋናው ቤት ይጠብባል፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ ልብሱም የሚሰጣው ጓሮ ነው። ከዚያ ወሬው ሁሉ ስለሚመጣው ውሃ ይሆናል። ሮቶው የት ይቀመጥ? ቧንቧው ስንት ኢንች ይሁን? በፈረቃ የሚመጣው ውሃ ይበቃል? ስለሚሄደው ውሃ የሚጠይቅ ግን ብዙም አይገኝም። እኔ እንዳየሁት ሥራው የሚበላሸው እዚያ ጋ ነው። ቧንቧ ሠራተኞች ነገሩን ስሎፕ ይሉታል።

ስሎፕ ማለት የፍሳሽ ቱቦ በሄደ ቁጥር ዝቅ የሚልበት መጠን ነው። 2 ፐርሰንት ስሎፕ ሲባል ቱቦው በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። 10 ሜትር ከሄደ 20 ሳንቲ ሜትር ወረደ። ለልብስ ማጠቢያ የሚዘረጋ ባለ 50 ወይም ባለ 75 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ይህን 2 ፐርሰንት ይፈልጋል። ባለ 110 ከሆነ 1 ፐርሰንትም ይሄድለታል።

ለምን አስፈለገ? የሚመጣው ውሃ ገፊ አለው። ከመስመር ሲመጣ ግፊት ይዞ ነው። ከሮቶ ሲወርድም የሮቶው ከፍታ ይገፋዋል፤ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ያኛው ቧንቧ መንገድ ላይ ሽቅብ ቢወጣ ቁልቁል ቢወርድ ችግር የለውም። የሚሄደው ውሃ ግን ማሽኑ አንዴ ከተፋው በኋላ የሚገፋው የለም። ያለው ቁልቁለቱ ብቻ ነው።

ለጎንደር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የፋሲል መዋኛ የተሠራው ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውሃ እንዲሞላ ነው። ያኔ ሞተር ያለው ፓምፕ አልነበረም። ውሃውን እዚያ ያደረሰው የቦዩ ቁልቁለት ነው። ከሰርቪስ ቤት እስከ ሴፕቲክ ታንክ የምንዘረጋው ቱቦም የሚሠራው በዚያው ሕግ ነው።

ስሎፕ ሲጎድል ምን እንደሚመጣ እናቴ ግቢ ውስጥ አይቻለሁ። ማሽኑን የገዛንላት እጇ እንዲያርፍ ብለን ነበር። ኅዳር ላይ 14 ሜትር ቱቦ ተቀበረ። ሠራተኛው በዓይኑ ለካ፤ «መሬቱ ራሱ ቁልቁለት ነው፣ ምን ትለኪያለሽ» አለኝ። አመንኩት። ሁለት ወር ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ ጥምቀት ደረሰ። ጋቢው፣ ነጠላው፣ የሀበሻ ቀሚሱ በተራ በተራ ገባ። ሦስተኛው ዙር ላይ ውሃው ከነአረፋው በወለሉ ቀዳዳ ተመልሶ ወጣ። እናቴ ባዶ እግሯን ውሃው መሃል ቆማ ጋቢዎቹን በእጇ ስትጨምቅ ደረስኩ።

ስንቆፍር ቱቦው መሃል ላይ ሆድ አውጥቷል። ማለትም አንድ ቦታ ዝቅ ብሎ ረግቧል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሽቅብ ይሄዳል። ቆርጠን አየነው። ውስጡ አመድማ፣ እንደ ረጠበ ጥጥ ያለ ነገር፣ አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ይዞ ተጋግሯል። የጋቢ ብናኝ ነው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ብናኙ ብዙ ነው፤ ከሳሙናና ከእድፍ ጋር ተለውሶ ውሃ የሚቆምበት ቦታ ላይ ይተኛል። ሽታውን አልናገርም።

አፈሩም አለበት። ግቢው ዋልካ ነው። ዋልካ ክረምት ላይ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። ቱቦውን እንዲሁ በላዩ ካስተኛችሁት አብሮት ይወጣል፣ አብሮት ይወርዳል። ስለዚህ ደግመን ስንሠራ ጉድጓዱን ጠልቀን፣ ከሥሩ 10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ አንጥፈን፣ ረግጠን ነው ያስተኛነው። መታጠፊያው ላይ አንድ ማንሆል ተሠራ። ባለ 90 ዲግሪ ጎሚቶ፣ ማለትም ቱቦውን የሚያጥፈው ክርን፣ በነበረበት ሁለት ባለ 45 ዲግሪ ገባ። ሽታ እንዳይመለስ ሲፎን ተደረገ።

ስሎፑን ለመለካት ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ግንበኞች ውሃ የተሞላ ነጭ ላስቲክ ቱቦ ይጠቀማሉ። ውስጡ አየር እንዳይቀር አረፋውን አስወጡ። አንዱን ጫፍ አንድ ሰው ሰርቪሱ ወለል አጠገብ ይያዝ፣ ሌላው ሰው ሌላውን ጫፍ ይዞ ሴፕቲክ ታንኩ ጋ ይቁም። ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። እዚህም እዚያም ምልክት አድርጉ። ከምልክቱ እስከ ወለሉ ስንት ነው? ከምልክቱ እስከ ታንኩ መግቢያ ስንት ነው? ከሁለተኛው ላይ አንደኛው ሲቀነስ፣ መግቢያው ከወለሉ ስንት እንደሚዘቅጥ ይነግራችኋል።

አሁን አስሉ። ቱቦው ከወለሉ በታች 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢነሳ፣ 14 ሜትር በ2 ፐርሰንት 28 ነው። መድረሻው 58 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሆናል። የታንኩ መግቢያ ከወለሉ 40 ብቻ ዝቅ ያለ ከሆነ ውሃው አይደርስም። ባለ 110 ቱቦ በ1 ፐርሰንት ብታደርጉትም 44 ነው፤ አሁንም አይደርስም። ያኔ ወለሉን ከፍ ማድረግ ነው። ወይም ማሽኑ ራሱ ፓምፕ ስላለው መትፊያ ቱቦው ከወለሉ 60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ባለ 50 ቱቦ ውስጥ ይግባ፤ የፍሳሹም መነሻ ከወለሉ በላይ ይሁን። ወለል ላይ የሚፈስ የእጅ እጣቢ ግን በዚህ መንገድ አይወጣም።

ይህ ሁሉ ሲሚንቶ ሳይገዛ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው። እኛ የለካነው ከተቆፈረ በኋላ ነው። ልዩነቱ 61 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ሠራተኛው እንዳለው ቁልቁለቱ ነበረ። ቱቦው ነው ያልተከተለው።